«በአጋጣሚ የተገኘው መድኃኒት» እና እኔ ያሰመርኩት ኤክስ



ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁት ማታ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ ፖስት እዚህ መንደር ሲዞር ሰንብቷል። «ሳይንቲስቶች በስህተት ያገኙት የካንሰር መድኃኒት» ይላል። ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ ታግ አድርገውኝ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለዋል። መልሴ፦ ግማሹ እውነት ነው። ውሸት የሆነው ግማሽ ግን ይጎዳናል፤ በተለይ አስተማሪና ተማሪ የሆንነውን። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአንዲት ተማሪዬ የሚከፈል የይቅርታ ዕዳ አለብኝ።

መድኃኒቱ ሲስፕላቲን ይባላል። ስሙን ልብ ብዬ ያነበብኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን አክስቴ አልጋ ራስጌ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የማሕፀን በር ካንሰር ተገኘባት። (በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው ይሄው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መሰጠት የጀመረው ለዚሁ ነበር። ወላጆች፣ በወሬ አትፍሩት፣ አስከትቡ።) ለአክስቴ ጨረርና ኬሞ አብረው ታዘዙላት። ጨረሩ በየሥራ ቀኑ፣ ኬሞው በሳምንት አንዴ። ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ አንድ ጉሉኮስ ተሰቀለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ነርሷ ትንሿን ከረጢት ይዛ መጣች። ከሷ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉሉኮስ። (ጉሉኮስ እንለዋለን እንጂ የጨው ውሃ ነው፤ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና ሳላርም አላልፍም።) አክስቴ አይታ አይታ፣

«አንተ ልጅ፣ መድኃኒቱ ይቺን ታክላለች፣ ውሃው ግን እንስራ ሙሉ ነው። ምን ሊሆን ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ።

አላወቅኩም። ነርሷን ጠየቅኩ። «ኩላሊቷን ለመጠበቅ ነው» አለችኝና ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች። እኔ ደግሞ ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ ሲስፕላቲን። «ሲስ»? ይቺን ቃል አውቃታለሁ! ኮሌጅ እያለሁ ለፈተና ሸምድጃት፣ በፈተናው ማግስት የረሳኋት ቃል ናት። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ፤ ሐኪምም ተመራማሪም አይደለሁም። ግን በዚያ ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ባትሪ እስኪጨርስ ድረስ አነበብኩ። የማካፍላችሁ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የተማርኩትን ነው።

እስቲ ሞሌኪውሉን በመሶብ እንየው። መሶቡ ፕላቲነም ነው፤ ያው ለጌጥ የሚሆነው ውድ ብረት። ዙሪያውን አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ አሞኒያ፣ ሁለቱ ክሎሪን። ሁለቱ ክሎሪኖች ጎን ለጎን ከተቀመጡ «ሲስ» ነው። ፊት ለፊት ከተቀመጡ «ትራንስ» ነው። ያው መሶብ፣ ያው እንግዶች፣ የተለየው አቀማመጣቸው ብቻ። ሲሱ ካንሰርን ያክማል። ትራንሱ ለዚያ ሥራ አይሆንም። ልጆች፣ «ይሄ አይሶመር የምትሉት ነገር ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ «ለፈተና» ብዬ ለመለስኩላችሁ ሁሉ፣ ትክክለኛው መልስ ይሄ ነበር።

ይሄን ውህድ መጀመሪያ የሠራው ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ ነው፤ ዘመኑ 1844። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለመድኃኒት ብሎ አይደለም፤ ለኬሚስትሪው ብሎ ነው። በ1893 ደግሞ የስዊዘርላንዱ አልፍሬድ ቨርነር፣ አራቱ እንግዶች መሶቡን እንዴት እንደከበቡ አሰበው። አሰበው ነው የምላችሁ፤ በዚያን ጊዜ አቶምን የሚያይ መሣሪያ አልነበረም። በዚህና በመሳሰለው ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ ውህዱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከተሠራ ከ120 ዓመት በላይ፣ ካንሰርን ይነካል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደዚያ «ስህተት» እንምጣ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል ሰው ነበር። ትምህርቱ ፊዚክስ ነው። አንድ ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል የሚያሳየውን ሥዕል አየና፣ ማግኔት ዙሪያ የተበተነ የብረት ብናኝ መሰለው። «የኤሌክትሪክ ኃይል የሴልን መከፈል ይነካው ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ባክቴሪያዎችን በምግብ ፈሳሻቸው ውስጥ አድርጎ፣ ሁለት የፕላቲነም ኤሌክትሮዶች ነከረና ኤሌክትሪክ ለቀቀ። ፕላቲነም የመረጠው ከምንም ነገር ጋር የማይነካካ፣ ዝምተኛ ብረት ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ባክቴሪያዎቹ መከፈል አቆሙ። አልሞቱም ግን! ሳይከፈሉ ዝም ብለው ረዘሙ፤ እንደ ክር ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ከመደበኛ ርዝመታቸው እስከ 300 እጥፍ። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ቆይተው መከፈላቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሮዘንበርግ የፈለገውን ያገኘ ይመስላል አይደል? ኤሌክትሪክ ሲበራ ይቆማል፣ ሲጠፋ ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኤሌክትሪክ የሴል መከፈልን ያቆማል» ብሎ ጽፎ ይጨርስ ነበር። እሱና የሥራ ባልደረቦቹ ግን ራሳቸውን አላመኑም። ሙቀቱ ይሆን? የአሲዱ መጠን ይሆን? እያሉ አንድ በአንድ አጣሩ። ከዚያ ዋናውን ሙከራ ሠሩ፤ ባክቴሪያ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳለፉ፣ አጠፉት፣ ከዚያ ፈሳሹን ለባክቴሪያዎቹ ሰጡ። አሁንም ረዘሙ። ኤሌክትሪክ በሌለበት! ስለዚህ ሥራውን የሠራው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ የገባ አንድ ነገር ነው። ምን ገባ? ያ ዝምተኛ የተባለው ፕላቲነም። ከኤሌክትሮዱ በጣም በጥቂቱ ሟሙቶ፣ ምግቡ ውስጥ ከነበረው አሞኒየም ክሎራይድ ጋር ተዋህዶ ነበር። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። በ1965 አሳተሙት። ቀጥሎ «ባክቴሪያን ሳይከፈል የሚያቆም፣ ያለ ልክ የሚከፈልን ሴልስ?» ብለው ዕጢ ባላቸው አይጦች ላይ ሞከሩት። ዕጢዎቹ ጠፉ። ይሄ በ1969 ታተመ።

እስቲ ፍረዱ፤ ይሄ «በስህተት ተገኘ» ይባላል? ኤሌክትሮዱ መሟሟቱ አጋጣሚ ነው፤ እሺ። ኤሌክትሮድ ግን በየቀኑ፣ በየላቦራቶሪው ይሟሟል። ልዩነቱ «ይሄ ያልጠበቅኩት ነገር ከየት መጣ?» ብሎ ሁለት ዓመት መቀመጡ ላይ ነው። የፖስቱ ውሸት ይሄ ነው። ዕድሉን አሳይቶ ሥራውን ደበቀ። ያንን ያነበበ ልጅ ምን ይማራል? ዕድል መጠበቅ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ከሰባት ዓመት ገደማ በፊት፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ኤሌክትሮሊሲስ አሠራኋቸው። ላብ ተብዬው ክፍል ውስጥ ከወንበርና ከአቧራ በቀር ብዙም ነገር አልነበረም። ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ የካርቦን ዘንጎች አወጣን፣ ጨው ከሱቅ ገዛን፣ በቡድን በቡድን ሆነው ሞከሩ። መጽሐፉ እንደሚለው ከሁለቱም ዘንግ ጋዝ መውጣት አለበት፤ በአንዱ ሃይድሮጅን፣ በአንዱ ክሎሪን።

የአንዱ ቡድን ካርቦን ተሰበረ። ልጆቹ እኔን ከመጥራት ይልቅ የመብራት ገመድ ልጠው፣ የመዳብ ሽቦውን ነከሩት። ሪፖርት ሲያስገቡ አምስቱ ልክ እንደ መጽሐፉ ጻፉ። አንዷ ግን እንዲህ የሚል ሐሳብ ጻፈች፦ ጋዝ የወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ውሃው ደፈረሰ፣ ከታች ብርቱካናማ ዝቃጭ ተከማቸ፣ በፖዘቲቭ በኩል ያለው ሽቦ ቀጠነ።

አምስቱ ልጆች ከ10 ዘጠኝ አገኙ። እሷ ሦስት። በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ አድርጌ «መጽሐፉን አንብቢ» ብዬ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ያየሁትን ነው እኮ የጻፍኩት» አለችኝ።

«ማትሪክ ያየሽውን አይጠይቅሽም» አልኳት።

እንግዲህ ይሄን ነው የመለስኩት። በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ ዳግመኛ እጇን ስታወጣ አላየኋትም።

ከዓመታት በኋላ፣ አክስቴ አጠገብ ተቀምጬ፣ «የሮዘንበርግ ኤሌክትሮድ ሟሙቶ ነበር» የሚለውን ሳነብ፣ ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ያየችው ያንኑ ነገር ነው! መዳብ ፖዘቲቭ ላይ ሲሆን ይሟሟል፤ ሽቦው የቀጠነው ለዚህ ነው፣ ክሎሪን ያልወጣው ለዚህ ነው፣ ብርቱካናማው ዝቃጭም የመዳብ ውህድ ነው። ከስድስቱ ልጆች ትክክለኛውን የጻፈች እሷ ብቻ ነበረች። አምስቱ ያላዩትን ጽፈው ዘጠኝ ሰጠኋቸው። እኔ ያን ቀን ያስተማርኩት ኤሌክትሮሊሲስ አይደለም፤ ዓይንህን አትመን፣ መልሱን ገልብጥ የሚል ትምህርት ነው። አክስቴን የሚያክመው መድኃኒት የተገኘው ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ነው።

የሲስፕላቲን ታሪክ በግኝቱ አያልቅም። በ1971 ለሰው መሰጠት ሲጀምር ዕጢ ይቀንሳል፣ ግን ኩላሊት ያበላሻል፣ ማስታወክ ያበዛል። ሊተው ተቃርቦ ነበር። ያዳነው ምን መሰላችሁ? ውሃ። ሐኪሞች ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ቢሰጡ ኩላሊቱ እንደሚተርፍ አዩ። በ1978 በአሜሪካ ለወንድ የዘር ፍሬና ለእንቁላል እጢ ካንሰር ተፈቀደ። በተለይ የዘር ፍሬ ካንሰር ከተስፋፋ በኋላ ወጣቶችን የሚጨርስ በሽታ ነበር፤ ዛሬ በዚህ መድኃኒትና አብረውት በሚሰጡት አብዛኞቹ ይድናሉ። ለአክስቴ ጥያቄ መልሱ ይሄው ነው፤ እንስራ ሙሉው ውሃ ራሱ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

ጎረቤቶቻችን ግን ቤት ሊጠይቁን ሲመጡ «ኬሞ እኮ መርዝ ነው» ይሉ ነበር። መጀመሪያ እቆጣ ነበር። አሁን «አዎ፣ መርዝ ነው» እላለሁ። «ግን የት እንደሚነክስ የታወቀ መርዝ ነው» ብዬ እጨምራለሁ። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ደማችን ውስጥ ክሎራይድ በብዛት አለ፣ ያው ጨው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ክሎሪኖች ደም ውስጥ እያሉ ከመሶቡ ብዙም አይነሱም። ሴል ውስጥ ሲገባ ግን ክሎራይዱ በጣም ያነሰ ነው፤ ክሎሪኖቹ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ውሃ ይተካል፣ ውሃውም ቦታውን ለዲኤንኤ ይለቃል። ፕላቲነሙ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎችን ጨምድዶ ይይዛል፣ ዲኤንኤው ይጎብጣል። ሴሉ ራሱን ሊገለብጥ ሲል ያቅተዋል፣ መጠገን ካልቻለ ይሞታል። ጎን ለጎን ያሉትን በደንብ የሚይዘው ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን የነበሩት ሲሱ ነው፤ ትራንሱ እንደዚያ መያዝ አይችልም። ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ሴል ይበልጥ ይጎዳል። ችግሩ፣ መድኃኒቱ ጤነኛውንም ይነካል፤ ኩላሊትን፣ ነርቭን፣ ጆሮን።

ሰው የሠራው ሞሌኪውል ከሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል ማለት ነው። ኬሚስቶች አሻሻሉት። ሁለቱን ክሎሪኖች አንስተው፣ ቶሎ በማይለቅ ሌላ እንግዳ ተኩ፤ ካርቦፕላቲን ሆነ። ለኩላሊት ይሻላል፣ ማስታወኩም ይቀንሳል፣ ግን የደም ሴሎችን ቁጥር ያወርዳል። የአሞኒያዎቹን ቦታ ደግሞ ለውጠው ኦክሳሊፕላቲን አደረጉት፤ ሲስፕላቲን ብዙም ለማይነካው የትልቁ አንጀት ካንሰር ጠቀመ። አንዱን እንግዳ ማንሳት ሌላ በሽታ ላይ በር ይከፍታል። ሦስቱም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ግን እዚህ ለመድረስ በሺህ የሚቆጠሩ የፕላቲነም ውህዶች ተሠርተው ተፈትነዋል፤ በዓለም ዙሪያ ሆስፒታል የገቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። መሶቡን ራሱን ለመቀየርም ተሞክሯል። ሩቴኒየም በሚባል ብረት የተሠሩ ውህዶች ሰው ላይ እስከመፈተን ደርሰዋል፣ ግን እስካሁን ፋርማሲ አልገቡም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የተሠራ ከወርቅ የሚገኝ መድኃኒትም ለካንሰር እየተጠና ነው። በድሮ ዘመን መርዝነቱ የታወቀው አርሰኒክ እንኳን፣ ቻይናውያን ሐኪሞች በጀመሩት ሥራ፣ ዛሬ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ዋና መድኃኒት ሆኗል። ሥራው አላለቀም ማለቴ ነው። ጆሮን የማይጎዳ፣ ኩላሊትን የማይነካ፣ ሴሉ ሲለምደው የማይከሽፍ ውህድ ገና እየተፈለገ ነው። ፈላጊው ደግሞ የግድ ፈረንጅ መሆን የለበትም።

አውቃለሁ፣ የሙያ ጓደኞቼ ምን እንደምትሉኝ። «አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ ይዘህ፣ ላብ ሳይኖርህ፣ ፈተናው የመጽሐፉን መልስ እየጠየቀ፣ የምን ሮዘንበርግ ነው?» ትላላችሁ። እውነት አላችሁ። እኔም በዚያው ክፍል ነው የምውለው። ሌላም እውነት አለ፤ ያልተጠበቀ ውጤት ሁሉ ግኝት አይደለም። አብዛኛው ያልታጠበ ብርጭቆ ወይም ያለቀ ባትሪ ነው። ልጁን «አንተ ትክክል ነህ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል» በሉት አላልኩም። መጽሐፉም አልተሳሳተም፤ መጽሐፉ ስለ ካርቦን ነው የጻፈው፣ ልጅቷ የነከረችው መዳብ ነው። አስተማሪ ከሆንኩ መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከሌሎቹ ቡድኖች ምን ለይታችሁ ሠራችሁ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሽቦው ላይ እንደርስ ነበር። ሮዘንበርግም የጠየቀው ያንኑ ነው። ይሄ ጥያቄ ላብ አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ነገር ቀይሬአለሁ። በላብ ሪፖርት ላይ ከ10 ሦስቱ ነጥብ «ያየኸውን ጻፍ» ለሚለው ነው፤ ከመጽሐፉ ቢለይም ባይለይም። የተለየ ካየ ደግሞ «ለምን ይመስልሃል? እንዴትስ ታጣራለህ?» ለሚለው ሁለት ነጥብ አለ። ሌላው አምስቱ ለመጽሐፉ ይሁን፤ ፈተናም አለብን። መጀመሪያ ልጆቹ አላመኑኝም ነበር። «ቲቸር፣ የቱን ነው የምትፈልገው?» ይሉኛል። ያየኸውን እላለሁ። «እሺ፣ ግን መልሱ የቱ ነው?» ይሉኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርገን አሳድገናቸው በአንድ ሴሚስተር አይለቃቸውም። ግን እየለመዱ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ልዩነቱ የመጣው ከባትሪው መሆኑን ራሱ ደርሶበታል። ግኝት አይደለም፣ ያለቀ ባትሪ ነው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አክስቴን የምታውቋት ብዙዎች ትጠይቁኛላችሁ፤ ደህና ናት፣ ክትትሏን አላቋረጠችም። ጆሮዋ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ቀርቶባታል፤ የመድኃኒቱ ነው። ቡና እያፈላች ስጠራት አንዳንዴ አትሰማኝም። ከዚህ የሚሻለውን ውህድ ማን እንደሚሠራው አላውቅም፤ ግን ያየውን እንዳይጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ያስፈራው ልጅ እንደማይሆን አውቃለሁ። (ኬሞ ላይ ያላችሁ፣ ወይም የምታስታምሙ፦ እኔ የጻፍኩት ለዕውቀት ነው፤ የሕክምናውን ነገር ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስለ ውሃውም፣ ስለ ጆሮውም ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።)

አሁን ወደ ዕዳዬ። አንቺ ልጅ፣ ስምሽን እዚህ አልጽፍም፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። ምናልባት ይሄን ፖስት ታዪው ይሆናል፣ ምናልባትም ላታዪው ትችያለሽ። ሮስተሩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሦስቷን ማስተካከል አልችልም። ግን ያን ቀን ትክክል ነበርሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በጓደኞችሽ ፊት ስለተናገርኩሽ፣ ይቅርታ የምጠይቅሽም ሰው ፊት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናንተም፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ኤክስ የተደረገባችሁ ካላችሁ፣ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። አስተማሪዎችም፣ እንደኔ ያሰመራችሁት ኤክስ ትዝ ካላችሁ አትደብቁ። ሁሉንም አነባለሁ።